«በሩቁ» ለተባላችሁ የየጁ ልጆች

(ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ልጆች መርሳ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በቦታው ላልነበራችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ለሚገባ ጓደኛችሁም አጋሩት።)

ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሥራ ፈታችሁ ልጆቻችሁን ተከትላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

አስተባባሪዎቹ «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፖለቲካና መንግሥትን ስለመማር ተናገር» ሲሉኝ ቶሎ ትዝ ያለኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ጨርሰን የዲፓርትመንት ምደባ የወጣ ዕለት ለእናቴ ደወልኩ። «እማ፣ ፖለቲካል ሳይንስ ደረሰኝ» አልኳት በደስታ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» እላለሁ። ቆይታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ምነው ልጄ፣ ነጥብህ ዝቅ አለ እንዴ?»

ሳቃችሁ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም። ማታ ደግማ ደወለችና ሁላችሁም የምታውቁትን ነገረችኝ፤ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ሲባል አልሰማህም?»

እናቴ ይህን አባባል ከመንገድ አልለቀመችውም። ታላቅ ወንድሟ ደሴ ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ቀን ጠዋት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ነበር የምትተኛው፤ ምናልባት ይመጣ እንደሆነ ብላ። እዚህ መሀል የዚህ ዓይነት ቤት ልጆች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ስለዚህ ቤተሰቦቻችሁ ሲፈሩ «አይገባቸውም» ብላችሁ አትለፏቸው። ያዩትን አይተው ነው።

ግን አባባሉ አንድ ጉድለት አለበት። ኮረንቲ የሚይዘው የነካውን ነው። ፖለቲካ ያልነካውንም ይይዛል። ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አልጠቅስም፤ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ አስፋልቱን ተከተሉ።

ወደ ደሴ አቅጣጫ ውርጌሳን ስታልፉ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ስንቶቻችን ነን ውጫሌን መኪና ሻይ የሚቆምባት ከተማ አድርገን ብቻ የምናውቃት? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተፈራረሙት እዚያ ነው። አንቀጽ 17ን ታውቃላችሁ። የአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በጣሊያን በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ይላል፤ የጣሊያንኛው ግን በጣሊያን በኩል ለማድረግ እንደተስማሙ አድርጎ ግዴታ አስገባበት። ልዩነቱ አንድ ግሥ ነው። በዚያች ግሥ ጣሊያን ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች፣ በዚያች ግሥ ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፣ መጨረሻው አድዋ ሆነ። የዘር ሐረጓ ከየጁ የሚመዘዘው ጣይቱ ብጡል ውሉን አጥብቀው ከተቃወሙት መሀል ዋናዋ እንደነበረች ደግሞ እህቶቼ አትርሱ። በየዓለሙ ዩኒቨርሲቲ የውል ትርጉም ሲማሩ የሚጠቅሱት ምሳሌ እኛ በሚኒባስ የምናልፈው ከተማ ነው። የሀብሩ ገበሬ ያን ጊዜ ፖለቲካን በሩቁ ብሎ ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን ስንቁን ቋጥሮ ወደ ትግራይ ተራራ እንዲዘምት ነጋሪት ተጎሰመበት።

ይኸው አስፋልት ከዚህ የባሰም አይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከአምባሰል ጀምሮ በየጁ አድርጎ እስከ ራያና ቆቦ፣ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ሰው እንደ ቅጠል ረግፏል። አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በሕይወት ካሉ ያለቅሳሉ እንጂ አያወሩላችሁም። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚነገረው፤ 40 ሺህ የሚልም አለ፣ 200 ሺህ የሚልም አለ። አስቡት፣ ያልተቆጠረ ሕዝብ።

እኔ ልጅ ሆኜ ስለዚያ ዘመን የሰማሁት «ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ» የሚል ነው። የፈጣሪ ቁጣ ነው ብዬ ነበር ያደግኩት። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር «ይህችን ምዕራፍ አንብባችሁ ኑ» ብሎ ሰጠን። ጸሐፊው አማርትያ ሴን የሚባል ህንዳዊ ነው፤ በልጅነቱ በ9 ዓመቱ የቤንጋልን ረሃብ በዓይኑ ያየ፣ ኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ። ምዕራፉን ስገልጠው የጁ የሚል አየሁ። ራያና ቆቦ የሚል አየሁ። እመኑኝ፣ ላይብረሪ ውስጥ እንደ እብድ ብድግ አልኩ። እናቴ የተወለደችበት አገር፣ ቤንጋል በተወለደ ሰው መጽሐፍ ውስጥ!

ሴን የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው። በርግጥ እህል ጠፍቶ ነበር? ቆጠረ። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ምርት ከተለመደው የቀነሰው 7 በመቶ ያህል ነው። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር የሚያመለክት መረጃም ነበር። ታዲያ ሰዉ በምን አለቀ? የገዛ ማሳው የከዳው ገበሬ የሚበላውም የሚሸጠውም አጣ። በሬው ከሳ፣ ዋጋው ወደቀ። እጁ ላይ ብር የለም። ብር የሌለው ሰው ደግሞ ለነጋዴ ራብተኛ አይደለም፤ ገዢ አይደለም፣ በቃ። እህል የጫነ መኪና በአጠገቡ አልፎ ብር ወዳለበት ይሄዳል። ጎረቤታችን አፋርም እንዲሁ፤ በድርቅ ጊዜ ከብቱን ያሳርፍበት የነበረው የአዋሽ ዳር መሬት ለሰፋፊ የጥጥ እርሻ ተሰጥቶበት ነው ያለቀው።

ሌላው ወገን ደግሞ ዝምታው ነው። መንግሥት ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ፎቶ አንስተው ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው ተነሳ። ጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለዓለም አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በቴሌቪዥን ለቀቀና በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። የወሎ ሬሳ ለአንዱ መውረጃ፣ ለሌላው መውጫ ሆነ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው ሬሳ ወንበር የያዘው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እንደገና እየረገፈ ነበር። እሱም ደበቀ።

ሴን ከዚህና ከሌሎች አገሮች ተነስቶ ኋላ ላይ የደረሰበትን ነገር ዲፓርትመንቱ የገባችሁ ሁሉ ትማሩታላችሁ፤ ነጻ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አልታየም ይላል። ዝናብን ማንም አያዘንበውም። ድርቁ ረሃብ የሚሆነው ግን በሰው እጅ ነው፤ የበጀት ውሳኔ አለበት፣ የሪፖርት ውሸት አለበት፣ የማይጠየቅ ሹም አለበት። አያቴ «የመድኃኔዓለም ቁጣ» ስትል የኖረችው ነገር ፊርማ ነበረው። ያን ቀን ነው ነጥቤ ዝቅ ብሎ እንዳልገባሁ ለእናቴ ማስረዳት የቻልኩት።

አሁን ብዙዎቻችሁን የሚያናድድ ስም ልጠራ ነው። ዋለልኝ መኮንን።

አያችሁ፣ ከወዲሁ ማጉረምረም ተጀመረ። አብሽሩ፣ ጨርሱኝ።

ዋለልኝ የኛው የወሎ ልጅ ነው፤ ደሴ ተምሮ አዲስ አበባ የሄደ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ እያለ፣ ኅዳር 1962፣ ስትራግል በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አምስት ገጽ ገደማ ናት። ኢትዮጵያ አንድ ብሔር ሳትሆን የብዙ ብሔሮች ስብስብ ናት፣ የኢትዮጵያ ብሔርተኝነት የሚባለውም በተግባር የአማራ፣ ሲሰፋም የአማራና የትግሬ የበላይነት ነው የሚል ነው ፍሬ ነገሯ። ዋለልኝ ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ሊጠልፉ ከተነሱ ጓደኞቹ ጋር አየር ላይ ተገደለ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው መቼ ነው? ኅዳር 29 ቀን 1987። ግጥጥሞሽ ነው፣ ሌላ ነገር አላወራም። ግን በአንቀጽ 8 ሉዓላዊነትን ለብሔር ብሔረሰቦች የሰጠውን፣ በአንቀጽ 39 እስከ መገንጠል የፈቀደውን ያንን ሰነድ የጻፉት ሰዎች ፖለቲካን የተማሩት በዋለልኝ ትውልድ ክርክር ነው።

ይህ ስም በየኮሜንቱ ሲሰደብ አያለሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጽሑፉን ራሱን፣ አምስቷን ገጽ ያነበባችሁ እጅ አውጡ።

ሁለት። ከዚህ ሁሉ ሰው ሁለት።

ይኸው ነው ችግራችን። አንድ ተማሪ በአምስት ገጽ አገር ነቀነቀ። እኛ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተን አምስቷን ገጽ እንኳ ሳናነብ እንሳደባለን። ለጽሑፉ መልስ የጻፉ ምሁራን አሉ፤ እነሱንም አላነበብናቸውም። ትርክት በስድብ አይፈርስም። ስድብ ያው ሰውየውን ያስታውሳል እንጂ።

መልሱን ለመጻፍ ምን ያስፈልጋል? መጀመሪያ በጽሑፉ ውስጥ እውነት የሆነውን እውነት ነው ማለት። ገበሬ ዳኛው በማይሰማው ቋንቋ ፍርድ ቤት የቆመበት፣ መሬቱ ለነፍጥና ለማዕረግ የተሸነሸነበት ዘመን ነበር። ይህን የሚክድ ሰው መልስ አልሰጠም። ከዚያ በኋላ ደግሞ መጠየቅ፤ «የበላይ» የተባለው ሕዝብ ማን ነው? ጽሑፉ በወጣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት በዚህ አስፋልት ዳር የወደቀው ማን ነበር? የገዥ መደብና ሕዝብ አንድ ናቸው? ይህን የግብር መዝገብ፣ የርስት ሙግት፣ የትምህርት ቤት ቁጥር ይዞ አምስት ገጽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አምስት ሺህ ኮሜንት አይተካውም። ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ይህን ትጽፋላችሁ ብዬ ነው እኔ መርሳ ድረስ የመጣሁት።

ስለ መፈክር ካነሳን፣ «2.4 ሚሊዮን አማራ የት ገባ?» የሚለውን የማያውቅ የለም። የ1999ኙ ቆጠራ ውጤት ፓርላማ ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆነ፤ ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አነሰ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም እጠይቃለሁ። ግን ያነሰው ከምን ነው? ከትንበያ ነው። ትንበያው ከ1987ቱ ቆጠራ ተነስቶ፣ ወሊዱ ይህን ያህል፣ ሞቱ ይህን ያህል፣ ፍልሰቱ ይህን ያህል ይሆናል ተብሎ የተሠራ ስሌት ነው። ስለዚህ ለመከራከር የፈለገ ሰው መግባት ያለበት እዚያ ውስጥ ነው። የወሊድ ግምቱ ከፍ ብሎ ነበር? ሳይቆጠር የታለፈ ቀበሌ አለ? ከክልሉ ውጪ ያለው አማራ እንዴት ተመዘገበ? ለያንዳንዱ ማስረጃው ለየብቻ ነው። ሒሳብ ጠልታችሁ ሶሻል የገባችሁ ልጆች፣ አዝናለሁ፤ ስታቲስቲክስ እዚያም ይጠብቃችኋል።

ይህ ደግሞ የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንቀጽ 62 መሠረት ለክልሎች የሚሰጠውን የድጎማ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በቀመሩ ውስጥ ትልቁን ቦታ ከሚይዙት አንዱ የሕዝብ ቁጥር ነው። ክልሉ ደግሞ ለወረዳ ይከፋፍላል። ያ ቁጥር ወርዶ ወርዶ ጊራና ጤና ጣቢያ ላይ መድኃኒት አለ ወይስ የለም የሚለው ይሆናል። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ከ1999 በኋላ የነበረው ቆጠራ እየተራዘመ እየተራዘመ እስከ ዛሬ አልተካሄደም። ስለተጓደለው ቆጠራ ስንጮህ፣ ስላልተካሄደው ቆጠራ ዝም ብለናል። ልብ ብላችኋል?

ስለ ትምህርቱ ይዘት በአጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዓመት ሁላችሁም አንድ ላይ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ የግብረ ገብና ዜግነት ትምህርት፣ ሳይኮሎጂ ምናምን ትወስዳላችሁ። ሎጂክን አትናቁ። ፌስቡክ ላይ የምንነታረከው ነገር ግማሹ እዚያ ኮርስ ውስጥ የስህተት ስም አለው። ከዚያ ነው ዲፓርትመንት የሚመረጠው። ፖለቲካል ሳይንስን ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም፤ አንዱ ጋ ከዓለም አቀፍ ግንኙነት ጋር ተጣምሮ፣ ሌላው ጋ ሲቪክስ፣ ሌላው ጋ ገቨርናንስ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ስሙ አያስጨንቃችሁ፣ የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቁ።

መምህሩ ሥልጣንና ማዕረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ከአውሮፓ ምሳሌ ሲያመጣ እናንተ የጁን አስቡ። ከታላቁ ራስ ዓሊ እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ፣ እስከ 1845ቱ የአይሻል ጦርነት ድረስ፣ ለሰባ ዓመት ያህል ጎንደር ላይ ዘውዱ የሌላ፣ አገዛዙ የየጁ ነበር። ይህን አንስታችሁ ብትጠይቁ መምህሩ ራሱ ደስ ይለዋል።

ሥራስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀጣሪ ደጅ ተሰልፎ አይጠብቃችሁም። ከ2001 ጀምሮ መንግሥት 70 ለ30 ብሎ ወንበሩን ለተፈጥሮ ሳይንስ ሲያደላ ኖሯል። አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ አራት ዓመት ተቀምጦ ሳያልፉ ዲግሪ የለም። እኔ ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ከእናቴ ጋር ማሽላ አርሜያለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ደጋፊ ነህ?» የሚል ነበር። የተማርኩትን የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ እንጀራ ብቻ አስባችሁ ከሆነ ሌላ ምረጡ፤ ሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ያለበት ወረዳ ልጆች ናችሁ፣ የዩኒቨርሲቲያችን የግብርና ትምህርት እዚሁ መርሳ ነው፤ ግብርናም ክብር ነው። ገብታችሁ ካልተዋችሁት ግን ማስተማር አለ፣ ጋዜጠኝነት አለ፣ የምክር ቤት ሥራ አለ፣ ምርምር አለ፣ ሕግ ጨምሮ መማር አለ።

አሁን የምናገረው ይከብደኛል፤ ግን ሳልናገር ብሄድ አልተኛም።

በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ልጆቻችን መንገድ ላይ ታገቱ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው በር ሳይቀረቅሩ ማደር ጀመሩ፤ ልክ እንደ አያቴ። አለቀስን፣ ሰልፍ ወጣን፣ ልክ ነበርን። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገድለዋል። ለትምህርት ወደ ከተማችን የተላኩ የሰው ልጆች ነበሩ። እንግዳ በማክበር የምንኮራ ወሎዬዎች ነን፤ በዚያ ጊዜ ግን በገጾቻችን ላይ ምን ያህል አለቀስን? እኔ ያን ሳምንት ምን እንደጻፍኩ ተመልሼ አየሁ። ምንም አልጻፍኩም። እናቶቹ የተቀበሉት ሬሳ ከየት ነው የመጣው ቢባሉ «ወልድያ» ነው የሚሉት።

ዶርም ስትገቡ ከሌላ ክልል ከመጣ ልጅ ጋር አልጋ ትጋራላችሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቴሌግራም «መጡብን» ይላችኋል። የላከውን አታውቁትም። ፖለቲካ የተማረ ልጅ በዚያች ሰዓት የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ ስልኩን አስቀምጦ ጎን ላለው ልጅ «ወንድሜ፣ አንተስ ምን ደረሰህ?» ይለዋል። ብዙ ጊዜ እሱም ያው «መጡብን» የሚል ነው የደረሰው። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው ለሁለታችሁም የሚልከው።

እናንተ በምን ውስጥ አልፋችሁ እዚህ እንደደረሳችሁ አውቃለሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና መርሳ በጦርነት ተይዘው ሳሉ ትምህርት ቤት ቀርቶ ቤትም አልነበራችሁም። ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ላብራቶሪው ባዶ ቀረ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ስንት ትምህርት ቤት ቁልፍ ተሰቀለበት። ታናናሾቻችሁ ዛሬም ቤት የተቀመጡ አሉ። እናንተ በኩራዝም በባትሪም አጥንታችሁ አለፋችሁ። ሰው ጥይት እየጮኸ ካጠና የግሪክ ፈላስፋ አያቅተውም፤ ይህን በራሳችሁ እመኑ።

ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ጫኑልኝ የምላቸው አሉ። ሕገ መንግሥቱን፣ 106 አንቀጽ ናት፣ በሁለት ቀን ታልቃለች፤ የምትጠሉትን አንቀጽ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡ። የክልሉንም ጨምሩ። የዋለልኝን አምስት ገጽ። የሴንን ሰባተኛ ምዕራፍ፤ እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ መዝገበ ቃላት ይዛችሁ በሳምንት ሁለት ገጽ ሂዱ። ከተቻለ ደግሞ ወረዳ ሄዳችሁ የዘንድሮውን በጀት ጠይቁ። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ላይሰጧችሁ ይችላል። የሰጣችሁም የከለከላችሁም ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉት። እሱ የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፋችሁ ነው።

እናቴን ረሳኋት። አሁን ቀበሌ ስብሰባ ስትጠራ ወረቀቱን በመቀነቷ ቋጥራ ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ስለ መሬት ይዞታ የተጻፈ ደብዳቤ አምጥታ «ይሄ ‹እንደ አስፈላጊነቱ› የሚለው የማን አስፈላጊነት ነው?» አለችኝ። አራት ዓመት ተምሬ እንደዚያ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ፕሮፌሰር የለም። በማግስቱ ስብሰባው ላይ ያንኑ ቃል ጠየቀቻቸው። መልስ አላገኘችም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀጠሮ ይዛ ነው የመጣችው።

እኔ ጨረስኩ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። ከኋላ፣ ነጠላ የለበስሽው እህቴ፣ አዎ አንቺ፤ ጀምሪ።